አሮጌ ድራምን በቤት ውስጥ ማደስ፦ አዲስ ልባስ፣ ቅብ ወይስ ቫርኒሽ? በጅማ ለሚኖሩ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

አሮጌ ድራም ለማደስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ዓይነት ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቅደም ተከተሉ መለወጥ አለበት፤ ጥቁር ይሁን ቀይ ከመባሉ በፊት ከልባሱ (የድራሙን ዙሪያ ከሸፈነው የፕላስቲክ ሽፋን) ሥር ያለው እንጨት ምን እንደሚመስል፣ ነባሩ ልባስ ሊጠበቅ የሚገባው መሆን አለመሆኑ፣ እንዲሁም ሥራው በየትኛው ወር እንደሚሠራ መታወቅ ይኖርበታል። የመጨረሻው ነጥብ በተለይ በጅማ ከሁሉም ይበልጣል። ከተማችን በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ስለሚዘልቅ፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ ያለ ችግር የሚደርቅ ቅብ እዚህ በነጭ ጭጋግ ሊሸፈን ወይም ለቀናት እየተጣበቀ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አማራጮቹን የማነጻጽረው በመልካቸው ብቻ ሳይሆን በጅማ አየር ላይ በሚኖራቸው ጠባይ ጭምር ነው።

ለስሌት እንዲመች የተለመደውን ባለ አምስት ድራም እንውሰድ፤ 22 ኢንች ቤዝ ድራም፣ 12 እና 13 ኢንች ቶሞች፣ 16 ኢንች ፍሎር ቶም፣ 14 ኢንች ስኔር። የእነዚህ ሁሉ የውጭ ገጽታ ሲደመር 2 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ሊትር ሴንቴቲክ ቀለም በአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን፣ አንድ ሊትር ለአራት ስስ ዙሮች ይበቃል ማለት ነው። ብዙ ሰው ባለ አራት ሊትር ቆርቆሮ ገዝቶ ሦስት እጁን ያስተርፋል፤ ያ ገንዘብ ለተሻለ የብርጭቆ ወረቀትና ለአዲስ ቆዳ ቢውል ድራሙን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ፈትቶ መመርመር

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ድራሙ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት። ላጎቹን (የመወጠሪያ ብሎኖቹ የሚገቡባቸውን፣ በድራሙ ጎን የታሰሩትን ብረቶች) በፕላስተር ሸፍኖ ዙሪያቸውን መቀባት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ቀለሙ በላጉ ጠርዝ ላይ ስለሚጠራቀም ላጉ ከጊዜ በኋላ ሲነሣ ቀለሙን ይዞት ይነሣል። የመወጠሪያ ብሎኖቹ በድራም ቁልፍ፣ ላጎቹ ደግሞ ከውስጥ በኩል በካቻቢቴ ወይም በትንሽ ቁልፍ ይፈታሉ። የእያንዳንዱ ድራም ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ለየብቻው በፌስታል ተደርጎ የድራሙ ስም ሊጻፍበት ይገባል። የአብዛኞቹ ድራሞች የመወጠሪያ ብሎን ጥርስ በኢንች የተለካና ለድራም የተለመደ በመሆኑ፣ አንዱ ከጠፋ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር በሚገዛ ተራ ብሎን አይተካም። ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣትም ላግና ማያያዣው በየትኛው አቅጣጫ እንደነበሩ ለማስታወስ ይረዳል።

ቆዳው ሲነሣ የሼሉ፣ ማለትም የድራሙ የእንጨት አካል፣ ጠርዝ ይታያል፤ በጠርዙ ላይ እንጨቱ ስንት ንብርብር እንደሆነና ንብርብሮቹ ተላቅቀው እንደሆነ መለየት ይቻላል። ድራሙን በጠፍጣፋ መስተዋት ወይም በእብነ በረድ ላይ ደፍቶ፣ ክፍሉን አጨልሞ፣ ውስጡ የእጅ ባትሪ ማብራት ደግሞ ጠርዙ ወጣ ገባ መሆን አለመሆኑን ያሳያል፤ ብርሃን በሚያፈተልክበት ቦታ ቆዳው በትክክል አይቀመጥም። ይህ ምርመራ ለማደሱ ሥራ መሠረት ነው ብዬ አምናለሁ። የድራም ድምፅ ከቀለሙ ይልቅ በጠርዙና በቆዳው የሚወሰን ስለሆነ፣ ጠርዙ የተጎዳ ድራም ምንም ያህል ቢያብረቀርቅ በሚገባ አይቃኝም። ጠርዙን ማስተካከል ግን ልዩ መሣሪያና ልምድ ይጠይቃል፤ በቤት ውስጥ በሞረድ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ነባሩን ልባስ ጠብቆ ማጽዳት

ብዙዎች የሚያልፉት፣ እኔ ግን በቅድሚያ እንዲታሰብ የምመክረው አማራጭ ይህ ነው። ልባሱ ካልተሰነጠቀና ካልተነፋ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል፣ ከዚያም በመኪና ፖሊሽ ሲታሽ የደበዘዘው ገጽ በአብዛኛው ይመለሳል። መጋጠሚያው ላይ የተላቀቀውን ጫፍ ጫማ ሰሪዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ መልሶ ማጣበቅ ይቻላል። ቲነር ወይም አሴቶን ግን ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጥ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

ይህን አማራጭ የግድ የሚያደርግ አንድ ሁኔታ አለ። ድራሙ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ፣ የሉድዊግ፣ የስሊንገርላንድ፣ የግሬች ወይም የፕሪሚየር ፋብሪካ ምርት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ልባስ ራሱ የዋጋው ክፍል ነው። የቢትልስ ባንድ ድራም መቺ ሪንጎ ስታር ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተጫወተበት ጥቁርና ነጭ የዕንቁ ቅርፊት የመሰለ ልባስ ያለው ሉድዊግ ድራም ከታየ በኋላ ያ ልባስ እስከ ዛሬ ተፈላጊ ሆኖ ቆይቷል፤ ሰብሳቢዎችም ከታደሰ ድራም ይልቅ ጭረት ያለበትን ነባር ድራም ይመርጣሉ። የድሮ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የኪነት ቡድን ንብረት የነበረ ድራም እጁ የገባ ሰው መለያ ጽሑፉን ሳያነብና ፎቶ ሳያነሣ የብርጭቆ ወረቀት ሊያስነካው አይገባም።

አዲስ ልባስ ማልበስ

ልባስ ዋና ብልጫው ዝናብን አለመፍራቱ ነው። የሚደርቅ ቀለም ስለሌለ አቧራ አይቀመጥበትም፣ የብሩሽ ፈለግ አይታይበትም፤ በሐምሌም ሆነ በጥር ሊሠራ ይችላል። ጉድለቱ ደግሞ ለድራም ተብሎ የተዘጋጀው ልባስ ጅማ ውስጥ በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። ከውጭ አገር ማስመጣት ወይም አዲስ አበባ የሚያመላልስ ሰው ፈልጎ ማስፈለግ ያሻል፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ጥቅልል ደግሞ ታጥፎ ከደረሰ የታጠፈበት መስመር በገጹ ላይ ይቀራል።

ለማዘዝ የሚያስፈልገው ርዝመት የድራሙ ዲያሜትር በ3.14 ተባዝቶ፣ ለመደራረቢያ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት ይገኛል። በዚህ መሠረት 22 ኢንቹ ቤዝ ድራም 180 ሴንቲ ሜትር፣ 16 ኢንቹ 132፣ 14 ኢንቹ 116፣ 13 ኢንቹ 108፣ 12 ኢንቹ ደግሞ 100 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። የልባሱ ስፋት ከሼሉ ቁመት በላይና በታች በጥቂት ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት፤ እስከ ጠርዙ ከደረሰ የቆዳው ቀለበት ይነካውና መቃኘቱን ያስቸግራል። መጋጠሚያው በላግ ሥር ወይም ተመልካች በማያየው ጎን እንዲውል አስቀድሞ መታቀድ ይኖርበታል።

ስለ ምትክ ዕቃዎች በተደጋጋሚ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ማስታወቂያ የሚያትሙ ቤቶች የሚሸጡት የመኪና ስቲከር ርካሽና የሚገኝ ነው፤ ስስ ስለሆነ ግን ከሥሩ ያለውን ጉድፍ ሁሉ ያሳያል፤ ስለዚህ ሼሉ በስቱኮ ተሞልቶና ተፍቆ እንደ ቅብ ሥራ መዘጋጀት አለበት። ለተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ፣ በየጊዜው ሊቀየር ለሚችል መልክ፣ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ፎርማይካ ግን ለጠረጴዛ የተሠራ ግትር ነገር ነው፤ በ22 ኢንቹ ላይ ቢታጠፍ እንኳ በ12 ኢንቹ ላይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አልመክረውም።

አሮጌውን ልባስ ለማንሣት የፀጉር ማድረቂያ ሙቀትና ሰፊ ቢላ በቂ ናቸው። መጋጠሚያውን ቀስ በቀስ እያሞቁ፣ የእንጨቱ መስመር በሚሄድበት አቅጣጫ መላጥ ያስፈልጋል፤ በተቃራኒው ከተሳበ የእንጨቱን የላይኛ ንብርብር ይዞ ይነሣል። እዚህ ላይ አጥብቄ የማስጠነቅቀው የድሮ የዕንቁና የብልጭልጭ ልባሶች ብዙዎቹ ከናይትሮ ሴሉሎስ የተሠሩ መሆናቸውን ነው። ይህ ነገር በቀላሉ ተቀጣጥሎ በኃይል ይነድዳል፤ ስለዚህ ድራሙ አሮጌ ከሆነ የእሳት ነበልባልም ሆነ ኃይለኛ የሙቀት መሣሪያ ሊቀርበው አይገባም።

መቀባት

ልባሱ ተነሥቶ ከሥሩ የሚገኘው እንጨት በአብዛኛው ለመታየት የተመረጠ አይደለም። ፋብሪካው ልባስ እንደሚሸፍነው ስለሚያውቅ የተጠገነ፣ ቀለሙ የተለያየ፣ አንዳንዴም የተራ ኮምፔንሳቶ መልክ ያለው እንጨት ይጠቀማል። እንዲህ ላለው ሼል የሚስማማው እንጨቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቅብ ነው፤ ለዚህም ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው በብሩሽ ወይም በትንሽ ሮለር የሚቀባ ሴንቴቲክ ቀለም ነው። በየትኛውም የቀለም መደብር ይገኛል፣ ኮምፕረሰር አይጠይቅም፣ ጠንካራ ነው። አዝጋሚ መሆኑ ግን መታወቅ አለበት፤ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ስለሆነ ሁለተኛ ዙር ለመቀባት ቢያንስ አንድ ቀን፣ በእርጥብ አየር ደግሞ ሁለት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በሚገባ እስኪጠነክርም ሳምንታት ይወስዳል። በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ትንሽ ቀጥኖ፣ ከሮለሩ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ብቻ ሲዳሰስ፣ የብሩሹ ፈለግ ራሱን ይሸፍናል። በዙሮቹ መካከል በቁጥር 320 ከዚያም በቁጥር 400 የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ከማንኛውም ውድ ቀለም የበለጠ ውጤት ያመጣል።

ሁለተኛው በኮምፕረሰር ወይም በጣሳ የሚረጭ የናይትሮ ቀለም ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ በአንድ ቀን ብዙ ዙር መርጨት ይቻላል፤ ሲወለወልም እንደ ፋብሪካ ሥራ ያበራል። የጅማ ክረምት ግን ዋና ጠላቱ ነው። ቲነሩ በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይያዝና ቀለሙን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ጥቁር ድራም ላይ ይህ ጉድለት ከሩቅ ይታያል። ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መጨመር ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ ትክክለኛው መፍትሔ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ደረቅ ወቅት መጠበቅ ነው። በእነዚህ ወራትም ቢሆን የጠዋቱ ጤዛና ጭጋግ እስኪገፈፍ ጠብቆ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መርጨት ይሻላል፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ የሚረጭ ዙር የምሽቱ እርጥበት ያገኘዋል።

የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ እየተሳበ ርቆ ይሄዳል። በአንዱ ክፍል ቀለም እየተረጨ በሚቀጥለው ክፍል ቡና የሚፈላበት ከሰል ከተያያዘ እሳት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ክፍት በሆነ በረንዳ ወይም በግቢ፣ ከማድቤትና ከምድጃ ርቆ መሠራት አለበት። የጨርቅ ማስክ አቧራን እንጂ የቲነርን ትነት አያግድም፤ ለትነት የሚሆነው የከሰል ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሼሎቹን በቤት አዘጋጅቶ ለመኪና ቀለም ቀቢ መስጠት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ከሦስቱ ብዙውን ጊዜ ምክንያታዊው ይህ ይመስለኛል። ጉልበት የሚጠይቀው ማላጡ፣ ስቱኮ መሙላቱና መፈቅፈቁ በቤት ይሠራል፤ ገንዘብ የሚከፈለው ለመርጨቱ ብቻ ይሆናል። በተለይ ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጨው ባለ ሁለት ክፍል የመኪና ቀለም ሲረጭ ሳንባን የሚጎዳ አይሶሳይኔት የተባለ ነገር ስላለው፣ ያለ ልዩ የመተንፈሻ መሣሪያ በቤት ውስጥ መሞከር የለበትም። ለቀቢው ግን ሁለት ነገሮችን በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ አንደኛ የሼሉ ጠርዝ በፕላስተር ተሸፍኖ ቀለም እንዳይነካው፣ ሁለተኛ ቅቡ ስስ እንዲሆን። የመኪና ላሜራ የለመደ እጅ ወፍራም ስቱኮና ወፍራም ቅብ ይወዳል፤ ድራም ላይ ግን ውፍረቱ ቆዳው በሼሉ ላይ እንዳይገባ ያግደዋል፣ ብዙ ስቱኮም የእንጨቱን ንዝረት ያፍናል።

ድራሙ ቀድሞ በቀለም ተቀብቶ ከነበረ ደግሞ አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 ክፍል የወሰነው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ዋስትና የለውም። እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ ሳይሆን በውኃ በሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት እያራሱ መፈቅፈቅ፣ ዝቃጩንም በጨርቅ ሰብስቦ ሕፃናት ከሚደርሱበት ማራቅ ተገቢ ነው።

እንጨቱን የሚያሳይ ቅብ

ከልባሱ ሥር በርች ወይም ሜፕል፣ ያልተጠገነና መስመሩ ያማረ እንጨት ከተገኘ በቀለም መሸፈን ያሳዝናል። ለመወሰን ቀላል መንገድ አለ፤ ገጹ ተለስልሶ በአኳራጅ በተነከረ ጨርቅ ሲታሽ እንጨቱ ለጥቂት ጊዜ ልክ ቫርኒሽ የተቀባ ሆኖ ይታያል። በዚያች ቅጽበት የሚታየው መልክ ካላስደሰተ ወደ ሴንቴቲኩ መመለስ ነው። የላይኛው ንብርብር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ በማሽን መፈቅፈቅ አደገኛ ነው፤ በቁጥር 180 የብርጭቆ ወረቀት በእጅ ተጀምሮ በ220 ማብቃት አለበት።

ጅማ በዚህ ረገድ የታደለች ናት። በርጩማና ወንበር የሚያበጁ የእንጨት ባለሙያዎች ስላሉ ስለ ማቅለሚያና ቫርኒሽ ምክር ማግኘት አያስቸግርም፤ እኔም ከመግዛት በፊት አንዱን ማነጋገር እመርጣለሁ። ከቡና የተዘጋጀ ማቅለሚያም በነጣ ያለ እንጨት ላይ ቀለል ያለ ቡናማ መልክ ይሰጣል፤ ብዙ ዙር ይፈልጋል፣ ውኃውም የእንጨቱን ጭረት ስለሚያስነሣ ከደረቀ በኋላ በ320 ቀለል አድርጎ መዳሰስ ያስፈልጋል።

ከቅቦቹ መካከል ለጅማ አየር የምመርጠው በአኳራጅ እኩል በእኩል ቀጥኖ በጨርቅ የሚታሽ ቫርኒሽ ነው። እያንዳንዱ ዙር እጅግ ስስ ስለሆነ አቧራ ሳይቀመጥበት ይደርቃል፣ አይንጠባጠብም፣ የቆዳውን መግቢያ አያጠብም፤ አምስት ወይም ስድስት ዙር ቢጠይቅም በዝናብ ወራት እንኳ በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችል ብቸኛው ቅብ ነው ማለት ይቻላል። የተልባ ዘይት ደግሞ ከሁሉም የቀለለ ሥራ ነው፤ ሆኖም ለእንጨት ተብሎ ማድረቂያ የተጨመረበት መሆን አለበት፤ ከማድቤት የሚወሰደው ለሳምንታት እየተጣበቀ ይቆያል። ከላብና ከዱላ ምትም እንደ ቫርኒሽ አይከላከልም። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ሲደርቅ በሚፈጥረው ሙቀት ራሱን ሊያቀጣጥል ስለሚችል በውጭ ተዘርግቶ መድረቅ ወይም በውኃ ተነክሮ መጣል ይኖርበታል።

ብረቱና መልሶ መግጠም

ክሮም ላይ ያለ ቀላል ዝገት በውኃ በራሰ የአልሙኒየም ፎይል ሲታሽ ይለቃል፤ ከዚያ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለወላል። የብረት ብሎኖችን በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ላጎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚንክ የተሠሩ ስለሆኑ ኮምጣጤ ይበላቸዋል። የቤዝ ድራሙ የእንጨት ቀለበቶች ከሼሉ ጋር አብረው ቢቀቡ መልካም ነው።

በቤት በሴንቴቲክ የተቀባ ድራም በጣት ሲነካ ስለደረቀ ብቻ መገጠም የለበትም። በደረቅ ወቅት ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በእርጥብ ወራት አንድ ወር ያህል ካልተጠበቀ የላጉ እግር በቀለሙ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከላጉ ሥር ስስ የካርቶን ወይም የጎማ ማረፊያ ማድረግም ይረዳል። ቆዳው ከመወጠሩ በፊት በሼሉ ዙሪያ ሳይጣበቅ በነፃ ይዞር እንደሆነ ይታይ፤ የሚይዝበት ቦታ ካለ ከጠርዙ በታች ያለው ቅብ በ400 ወረቀት ቀለል ብሎ ይቀነሳል። የላጎቹ ብሎኖች በመጀመሪያው ቀን በልኩ ብቻ ይታሰሩ፤ ከጥቂት ቀናት ጨዋታ በኋላ ቆዳው እንደገና ተነሥቶ ከውስጥ በኩል ይጥበቁ።